ካሶኒ (የኋላ የጭነት ቦታ) ላይ ያለ ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንከር) መተንፈሻው በየት ይውጣ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወንድሞች። የናፍጣ ሃይሉክስ ነው የምነዳው። ወደ አፋር ስለምመላለስ ካሶኒው ላይ 100 ሊትር የሚይዝ የብረት ሰልባቲዮ አሠራሁ። አዲስ አበባ ክዳኑን ግጥም አድርጌ እነሳለሁ፤ ሰመራ ስደርስ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ። በያጁ «ብረቱ ስስ ነው» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

መልስ 1፦ ጉዳዩ የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሰመራ 400 ምናምን። ስትወርድ የውጭው ግፊት ይጨምራል። ናፍጣውን ወደ ዋናው ሰልባቲዮ ስታስተላልፍም ያው፤ በምትኩ አየር ካልገባ ቆርቆሮው ይጨመደዳል።

መልስ 2፦ ከላይኛው ጫፍ ቀጭን የነዳጅ ቱቦ አውጣ። ከፍ አድርገህ አዙረውና አፉን ወደ ታች መልሰው፤ አለዚያ ኩርባ ላይ ናፍጣው ይፈሳል። ጫፉ ላይ ትንሽ ማጣሪያ ግጠም፣ የአፋር አቧራ አይምርም። ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) ይራቅ። መኪናው ቢገለበጥ የሚዘጋ ቫልቭ ካገኘህማ ጨምርበት።

ጠያቂ፦ ክዳኑን ላላ ማድረግ አይበቃም?

መልስ 2፦ ኧረ አይበቃም! አቧራና ውሃ ይገባል፤ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር ያበላሻል፤ ዋጋውን ደግሞ ታውቃለህ። ቤንዚን ብትጭንማ ሌላ ጉድ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ካሶኒው ውስጥ ይተኛል፣ በተለይ ሸራ ካለበስከው። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።