«ደህና ነኝ» የሚሉኝን ታካሚ ሕመም እንዴት ልለካ?

ሰላም እህት ወንድሞቼ፣ በተለይ ዋርድ ውስጥ ብዙ የቆያችሁ ሲስተሮች። ጅማ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ አሁን ቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው የተመደብኩት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል።

ሆዳቸውን የተሰፉ አንድ አባት አሉ፣ ከገጠር የመጡ ቡና አምራች። ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ስላቸው መልሳቸው «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነው። በኦሮምኛም ጠየቅኳቸው፣ ያው ነው። ሲገላበጡ ግን ጥርሳቸውን ነክሰው የአልጋውን ብረት ጭምቅ ያደርጋሉ። ሳል ሲመጣባቸው ይውጡታል።

ሕመም ማለት ታካሚው አለብኝ ያለው ነው ተብለን ተምረናል። የለብኝም ሲልስ? ቻርቱ ላይ 0 ብዬ መጻፍ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ሕመም ፈርቶ በደንብ የማይተነፍስና የማያስል ሰው አክታ ይጠራቀምበትና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። እየባሰ የሚሄድ የቁስል ሕመም ደግሞ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩስ ስለሚችል ቴርሞሜትሩን ብቻ አምኜ አልቀመጥም። ለጊዜው ቁስሉ መቅላትም መግልም የለውም። ለተረኛዋ ሲስተር ነግሬያለሁ። ችግሩ ማስታገሻው የታዘዘው «ሲያማቸው» ተብሎ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አይጠይቁም።

እንዲህ ያለውን ሰው እናንተ ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቁት? ቁጥሩን ትቼ ሲንቀሳቀሱ ያየሁትን ብጽፍ ሐኪሙ ይቀበለኛል? ልጃቸው «አባቴ ሲያመው አይናገርም» ብሎኛል፤ የእሱን ቃል መመዝገብስ ይቻላል? ነገ ጠዋት ራውንድ (ሐኪሞቹ ታካሚዎቹን እየዞሩ የሚያዩበት) አለ። ከዚያ በፊት ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።