አሥራ ሁለተኛው ሰው ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ከቪዛግ የተመለሰው፦
ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ? አዲሱ የአይፒኤል፣ የሕንድ የክሪኬት ሊግ፣ ሲዝን እየመጣ ነው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን ወይ ሕንድ ተምረናል፣ ወይ ዱባይና ሻርጃ ከሕንዶች ጋር ሠርተናል። የክሪኬት ፍቅር የያዘንም እዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ሳልፈራ ላንሳው። «ኢምፓክት ፕሌየር» የሚባለው ደንብ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ክሪኬት አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ነው። በአይፒኤል አንዱ ቡድን ሃያ ኦቨር ይመታል፣ ሌላው ይወረውራል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው። የሚቆጠረው ነጥብ ራን ይባላል። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ከወጣች ስድስት ራን ነው። መቺውን ማስወጣት ዊኬት መውሰድ ይባላል። ድሮ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ሌላ ሰው አስገብቶ ማስመታት ወይም ማስወርወር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ቡድን ከተጠባባቂዎቹ አንዱን ማስገባት ይችላል። የገባው እንደማንኛውም ተጫዋች ይመታል፣ ይወረውራል። የወጣው አይመለስም። ስለዚህ ቡድኑ ሲመታ ተጨማሪ መቺ፣ ሲወረውር ተጨማሪ ወርዋሪ ይኖረዋል። የሕንድ ክሪኬት ቦርድ ደንቡን እስከ 2027 አራዝሞታል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ይውጣ። ሁለገቡን ተጫዋች እያጠፋው ነው። ድሮ አሰልጣኝ የሚፈልገው ትንሽ የሚመታና ትንሽ የሚወረውር ሰው ነበር። አሁን ምን ያደርግለታል? ሙሉ መቺ ያሰልፋል፣ ሲበቃው አስወጥቶ ሙሉ ወርዋሪ ያስገባል። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ማለት ይኼ ነው። ሮሂት ሻርማ የሕንድ ካፒቴን በነበረበት በ2024 ይህንኑ ተናግሯል። ሁለገቦቹ ሺቫም ዱቤና ዋሽንግተን ሰንደር እንዲወረውሩ ኳስ እንደማይሰጣቸው፣ ክሪኬት ደግሞ የአሥራ አንድ እንጂ የአሥራ ሁለት ሰው ጨዋታ እንዳልሆነ ነው ያለው። ሌላው የሕንድ ኮከብ ቪራት ኮህሊም ደግፎታል። የሁለቱን ቃል ቀላል አድርጌ አላየውም።

ከሃይደራባድ፦
ወንድሜ፣ እኔ ይቆይ ነው የምለው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ኡፓል ስታዲየም ነበርኩ። የሃይደራባዱ ሰንራይዘርስ 286 ሲያስቆጥር፣ ኢሻን ኪሻን መቶ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ብርቱካናማ ማሊያ የለበሰው ሕዝብ መቀመጫውን ረስቶት ነበር። አጠገቤ የነበሩ አባት ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጭነው ሙሉ ሰዓት ቆሙ። ሰው ቲኬት የሚገዛው ለዚህ ነው።

ደግሞ ደንቡ ለሕንድ ልጆች ሥራ ፈጥሯል። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ማሰለፍ የሚችለው የውጭ ዜጋ አራት ብቻ ነው። አራቱ ከጅምሩ ከገቡ ተቀያሪው የግድ ሕንዳዊ ነው። ማንም የማያውቀው ሱያሽ ሻርማ በ2023 ለኮልካታ በተቀያሪነት ገብቶ በመጀመሪያ ጨዋታው ሦስት ዊኬት ወሰደ። ድሩቭ ጁሬልም ስሙ የተሰማው በዚያው ዓመት ለራጃስታን በተቀያሪነት ገብቶ ሲመታ ነው። ብዙም ሳይቆይ ለሕንድ ብሔራዊ ቡድን ቴስት፣ የአምስት ቀኑን ጨዋታ፣ ተጫወተ። ይኼ ደንብ ባይኖር ወንበር ላይ ስንት ዓመት ይቀመጡ ነበር?

ከቪዛግ የተመለሰው፦
አንተ ያየኸው 286 አለ፣ እኔም ያየሁት 272 አለ። ሚያዝያ 3 ቀን 2024፣ የሕንዷ ቪዛግ ከተማ። ከዩኒቨርሲቲው ከጓደኞቼ ጋር በአውቶ (ባጃጅ) ተጭነን ስታዲየሙ ወዳለበት ማዱራዋዳ ሄድን። የዴልሂ ቡድን ያን ዓመት ቪዛግን ሁለተኛ ሜዳው አድርጎ ነበር። ኮልካታ መምታት ጀመረ። ሱኒል ናሪን በ39 ኳስ 85። አንግክሪሽ ራጉቫንሺ የሚባል ልጅ በ27 ኳስ 54። ራስል መጥቶ በ19 ኳስ 41። መጀመሪያ እየዘለልን ነበር። አሥራ አምስተኛው ኦቨር አካባቢ ግን ልብ አልኩ፤ ሰው ማጨብጨብ ትቷል። ስድስት ተመታ፣ ኳሷ ወደ ሕዝቡ ወደቀች፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ስልኩን እያየ ነው። ወርዋሪዎቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይተያያሉ። ዴልሂ በ106 ራን ተሸነፈ። ከማለቁ በፊት ግማሹ ሰው ወጥቶ አውቶ ይጠራ ነበር።

ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው? መቺው አይፈራም። ብወድቅ ከኋላዬ ሌላ አለ ይላል። የእኛ ሰው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይል የለ? አሁን ሁሉም ሁለት ባላ ተክሎ ነው የሚገባው። ፍርሃት የሌለበት ጨዋታ ደግሞ ልብ አይሰቅልም። የሊጉ ከፍተኛ ውጤት ከ2013 ጀምሮ 263 ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። በ2024 በአንድ ሲዝን ውስጥ አራት ጊዜ ታለፈ።

ከሃይደራባድ፦
እሱ ላይ እንኳ ልያዝህ። ራን የበዛው በደንቡ ነው ካልክ ባሮዳን አስረዳኝ። የሕንድ የአገር ውስጥ ውድድር የሆነው ሰይድ ሙሽታቅ አሊ ደንቡን በ2024 አንስቶታል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ባሮዳ ሲኪም ላይ 349 አስቆጠረ። ያለ አሥራ ሁለተኛ ሰው! እንግሊዝም በ2025 ደቡብ አፍሪካ ላይ 304 አስቆጥራለች፤ በአገራት ጨዋታ ደንቡ ጭራሽ የለም። ዘመኑ ነው የተለወጠው። ልጆቹ የሚሠለጥኑት ስድስት ለመምታት ነው፣ ሜዳውም ለመቺ ተመቻችቶ ነው የሚዘጋጀው።

ከሻርጃ፦
እኔም ልግባ። የምሠራበት ቤት የቼናይ ሰዎች ናቸው። ሰባት ዓመት አብሬያቸው አይፒኤል አይቻለሁ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ውድድሩ በሙሉ እዚህ ኤምሬትስ ሲካሄድ የስታዲየሙን መብራት ከሰገነት እያየን፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ነበር የምንከታተለው። ደንቡ ሲጀመርም የመጀመሪያው ተቀያሪ የነሱ ቡድን ሰው ነበር። ራዩዱ ወጥቶ ቱሻር ዴሽፓንዴ ገባ። አያትየው «ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው?» ብለው ሲቆጡ ትዝ ይለኛል።

ግን የቪዛጉ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስታውስህ። መጋቢት 24 ቀን 2025 እዚሁ ግሩፕ ላይ በድምፅ መልእክት የጮኸው ማን ነበር? የአሹቶሽ ማታ!

ከቪዛግ የተመለሰው፦
እህቴ፣ ያዝሽኝ። እኔ ነበርኩ። አልክድም።

ለማያውቀው ልንገር። ያው ሜዳ ነው፣ ያው ማዱራዋዳ። ዴልሂ ላክናው ያስቀመጠውን ለማለፍ 210 ይፈልጋል። በሰባት ራን ሦስት መቺ አጣ። በ65 አምስተኛው ወጣ። አሹቶሽ ሻርማ በተቀያሪነት ገባ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ኳሶች ሃያ ራን ብቻ ነው ያለው። ሰው ተስፋ ቆርጧል። ከዚያ ልጁ ተነሳ። ቪፕራጅ ኒጋም የሚባል ሌላ ልጅ በ15 ኳስ 39 አግዞታል። የመጨረሻው ኦቨር ላይ ስድስት ራን ሲቀር፣ የቀረው ዊኬት አንድ ነው። መምታት የማይሆንለት ሞሂት ሻርማ ኳሱ ፊት ቆሟል። የላክናው ካፒቴን ፓንት፣ በ27 ክሮር (270 ሚሊዮን) ሩፒ የተገዛው ሰው፣ ሞሂትን ማስወጣት የሚችልበት ኳስ አመለጠው። ሞሂት አንድ ሮጠ። አሹቶሽ ቀጣዩን ወደ ሰማይ ላካት። እኔ ከማላውቀው የቴሉጉ ሰውዬ ጋር ተቃቅፌ አለቀስኩ። በሕይወቴ ካየሁት ጨዋታ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ግን ልብ በሉ። ያ ማታ ያማረው በተቀያሪው ብዛት ነው? አይደለም። ያማረው ከጀርባ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ሁለተኛው ባላ ተሰብሮ ነበር። ደግሞ እንዲህ የሚመታ ልጅ ከአሥራ አንዱ ውስጥ መጀመሪያውኑ ቦታ ይገባዋል።

ጋሼ ከአዲስ አበባ፦
ልጆች፣ እኔ የኳስ ሰው ነኝ፣ ክሪኬቱን ከእናንተ ነው የተማርኩት። በእግር ኳስም በ2020 አምስት ቅያሪ ሲፈቀድ ጨዋታው ተበላሸ ተብሎ ነበር። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ሁሉም ለመደው። ይኼም ይለመዳል።

ከቪዛግ የተመለሰው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይኼ ይለያል። በኳስ ተቀይሮ የገባው አጥቂ ኳስ ሲነጠቅ መሮጥ አለበት። እዚህ ግን ቡድኑ ሲያጠቃ አጥቂ፣ ሲከላከል በእሱ ቦታ ተከላካይ እንደማሰለፍ ነው። እርስዎ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይፈቅዳሉ?

ጋሼ ከአዲስ አበባ፦
እሱን እንኳ አልፈቅድም። እንዲያ ከሆነስ ነገሩ ሌላ ነው። ግን ልጠይቅህ፤ ሁለገብ ጠፋ ትላለህ፣ ሕንድ በ2024 የዓለም ዋንጫ ወስዳ የለ? ደንቡ እያለ?

ከቪዛግ የተመለሰው፦
ወስዳለች፤ በማን ወሰደች ነው ጥያቄው። ባርባዶስ ላይ በፍጻሜው አክሳር ፓቴል 47 መታ፣ ወረወረም። የመጨረሻውን ኦቨር፣ 16 ራን ሲቀር፣ የወረወረው ሃርዲክ ፓንዲያ ነው። ሁለቱም ሁለገብ ናቸው፣ ሁለቱም ከደንቡ በፊት ያደጉ ናቸው። የእኔ ፍርሃት ከነሱ በኋላ ለሚመጡት ነው። አገሪቱ የምትፈልገውን ሰው ሊጉ አያሳድግም። የአገር ውስጡ ውድድር ደንቡን ሲያነሳ አይፒኤል ለምን ይዞት ይቀራል?

ከሃይደራባድ፦
እሺ፣ መሐል እንገናኝ። ደንቡ ይቆይ፣ ግን ለብሔራዊ ቡድን ላልተጫወተ ሕንዳዊ ብቻ። ሱያሾችና አሹቶሾች በሩን አያጡም። ያረጀ ኮከብ መትቶ ብቻ ወንበር ላይ የሚያርፍበትም አይሆንም።

ከቪዛግ የተመለሰው፦
ከአሁኑ ይሻላል። ለሚመጣው ሲዝን እንዲህ ቢያሻሽሉት አልቃወምም። ግን ያ ወጣትም ቢሆን ግማሽ ሥራ ይዞ ነው የሚያድገው። ወይ ይመታል፣ ወይ ይወረውራል። ለእኔ አሁንም አልተፈታም።

ከሻርጃ፦
እኔ ቅድም አንተን ለመያዝ ብዬ እንጂ ልቤ ከአንተ ጋር ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የቤቱ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ነኝ ያሳደግኩት ማለት ይቻላል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማሠልጠኛ ይሄዳል። ይመታልም፣ ይወረውራልም። ባለፈው ወር ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ምሳውን አልነካም። ምን ሆነሃል ስለው አሰልጣኙ «አንዱን ምረጥ፣ ሁለቱንም የሚፈልግ ቡድን የለም» እንዳለው ነገረኝ። መምታትን መረጠ። አባትየውም ዘመኑ እንደዚያ ነው ብለው ተቀበሉ።

አርብ ጠዋት ግን ከቤታችን ጀርባ ባለው አሸዋማ ባዶ ቦታ ሠራተኞች ይጫወታሉ። ፓኪስታናዊ አለ፣ ባንግላዲሻዊ አለ፣ ሾፌሮችና ግንበኞች ናቸው። የቴኒስ ኳስ በፕላስተር ጠቅልለው ነው የሚጫወቱት። ወርዋሪው የሚያነጣጥርበት ዊኬታቸው የቀለም ቆርቆሮ ነው። እዚያ ሰው ስለማይበቃ የመታ ሁሉ መወርወር አለበት። ልጁ ቁርሱን በእጁ ይዞ ይወርድና ተራውን ይጠብቃል። ባለፈው አርብ ሦስት ኦቨር ወረወረ። በመስኮት እያየሁት ነበር፤ አንዱን ትልቅ ሰው ሲያስወጣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ቤታችን ነው የሮጠው።