የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ላይ ጥናት ልጀምር ነው፤ ርዕሱ ሰፋብኝ፣ ከየት ልያዘው?

ጠያቂ (የደብረ ብርሃን ተማሪ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ «የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ለአፍሪካ አገሮች ልማት» የሚል ርዕስ አስገባሁ። አማካሪዬ «ይሄ በስድስት ወር አያልቅም፤ አንድ ቦታና አንድ ሀብት ይዘሽ ነይ» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው። የቦትስዋናን አልማዝ፣ የቻድን ነዳጅ፣ የጋናን ወርቅ ሳነብ ከርሜ ሁሉም ተደበላለቀብኝ።

ልቤ ያለው መንዝ ጓሳ ላይ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ያለው የጋራ ሜዳ። የእናቴ ዘመዶች ከዚያው ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ያየሁት የሣር ሜዳ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ግን አንድ ቦታ ብቻ ይዤ ስለ አፍሪካ የሚባል ነገር ይገኛል ወይ? ሰነድስ እንዴት ይገኛል? አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴም «ነገ ነይ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ሽማግሌ ማነጋገር ደግሞ አልችልበትም፤ መጠይቅ ይዤ ስቀርብ ሰዉ ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ ያሰናብተኛል። ያለኝ ስድስት ወርና ትንሽ ገንዘብ ነው። የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

ጡረታ የወጣ የደን ባለሙያ

ልጄ፣ ጥሩ ቦታ ነው የያዝሽው፤ አትልቀቂው። አማካሪሽም ልክ ነው።

«አስተዳደር» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ሲጻፍ ትልቅ ይመስላል። መሬት ላይ ግን ማን ይወስናል፣ ማን ይጠብቃል፣ ማን ይጠቀማል፣ ያጠፋው ምን ይሆናል ነው። ይህን ለአንድ ሣር መመለስ ከቻልሽ ጥናትሽ ጥናት ነው።

ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለበት። ከዚያ የሚነሱት ውኃዎች ገሚሱ ወደ ዓባይ፣ ገሚሱ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ሰዉ ቦታውን የጠበቀው ግን ለቀበሮው ብሎ አልነበረም። ለጓሳ ሣሩ ነው፦ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ፣ በክፉ ቀን ደግሞ ለከብት መኖ። የጥንቱ ሥርዓት ቄሮ ይባላል (አሁን በፖለቲካው ከምንሰማው ቃል ጋር አይምታታብሽ)። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ፤ የመጠቀም መብት የነበረው ዘሩን ከእነሱ የሚቆጥር ባለ ርስት ነው። አለቃ ይመረጣል፣ ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነው። ሣሩ ደርሷል ሲባል በጋራ ተነጋግረው ይከፍቱታል፤ ያን ቀን መብት ያለው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ርስትን ሲያስቀር የቄሮ መሠረትም አብሮ ተናደ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ «ጥሩው ሥርዓት ፈረሰ» ብሎ ይዘጋዋል። አንቺ እዚህ ላይ ጀምሪ። ከተናደ በኋላ ገበሬ ማኅበራቱ ኮሚቴ አቋቁመው ሜዳውን እንደገና መዝጋት ጀመሩ፤ ይህ እንዴት ሆነ? ሕጉ ሲጠፋ ልማዱን ማን ተሸከመው? ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40(3) ላይ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። በመንግሥትና በሕዝብ መካከል ያለው «ና» ጓሳ ላይ ሲወርድ ምን ማለት ነው? አየሽ፣ ከአንድ ወረዳ ሳትወጪ የአህጉሩ ጥያቄ ውስጥ ገብተሻል።

ናሚቢያን ያጠና

ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። እኔ የሠራሁት ንጽጽር ስለነበር የመጀመሪያ ጥያቄሽን ልመልስ።

አንድ ቦታ ይዘሽ ስለ ሌላው መናገር ትችያለሽ፤ የሚመሳሰለውን ነገር ለይተሽ ካወጣሽ። ለምሳሌ ናሚቢያ። እዚያም የጋራ መሬት ባለቤቱ መንግሥት ነው፣ እንደኛው። ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ማኅበረሰቡ ተደራጅቶ ከዱር እንስሳትና ከቱሪዝም እንዲጠቀም መብት ሰጠ። ለመመዝገብ የተወሰነ ድንበር፣ የአባላት ዝርዝር፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ኮሚቴና የጥቅም ክፍፍል ዕቅድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ በ1998 ተመዘገቡ፣ አሁን ከ80 በላይ ናቸው። እነዚህን አምስት ነገሮች ይዘሽ ጓሳ ሂጂና የትኛው አለ፣ የትኛው የለም፣ የትኛው ሳይጻፍ ይሠራል ብለሽ ጠይቂ። በቃ፣ ንጽጽርሽ እሱ ነው። ናሚቢያ መሄድም አያስፈልግሽም።

የቻዱን ነዳጅ አታስገቢው። ሀብቱም ሌላ፣ ወሳኙም ሌላ ነው። ትምህርቱን ብቻ ያዢ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ባንክ ግፊት የወጣው ሕግ ከነዳጁ ገቢ 10 በመቶ ለመጪው ትውልድ ይቀመጥ፣ ከቀረው አብዛኛው ለትምህርትና ለጤና ለመሳሰሉት ይዋል አለ። ወረቀቱ በጣም የሚያምር ነበር። ነዳጁ በ2003 መፍሰስ ጀመረ፣ ገና በ2006 መግቢያ ላይ ሕጉ ተሻሽሎ የትውልዱ ሒሳብ ቀረ፣ ጸጥታም «ቅድሚያ ከሚሰጣቸው» ውስጥ ገባ፤ ባንኩም በ2008 ከስምምነቱ ወጣ። ሕጉን አገር ውስጥ የሚጠብቅለት፣ ቢጣስ የሚጎዳ የተደራጀ ሰው አልነበረውም። መንዝ ላይ ግን የጥንቱ ሕግ ጠፍቶም ሜዳውን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ይሄን ልዩነት መግቢያሽ ላይ በሁለት አንቀጽ ብትጽፊው አማካሪሽ ደስ ይለዋል።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ቨርጂኒያ)

የአገሬን ስም አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እህቴ፣ እኔ ተማሪም ተመራማሪም አይደለሁም፤ እዚያ ነው ያደግኩት። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሽማግሌ ስትጠይቂ ስለ ድሮው ሁሉም አንድ ዓይነት አይነግርሽም። የአባቴ ወገን ባለ ርስት ነበር፤ አያቴ ስለ ቄሮ ሲያወራ ዓይኑ ያበራ ነበር። የእናቴ እናት ደግሞ ርስት ከሌለው ቤት ናት። «ሜዳውን ከሩቅ እናየዋለን እንጂ ማጭድ አናሳርፍም ነበር» ትለን ነበር። ለእሷ 1967 የተናደ ነገር አልነበረም፣ በር ተከፈተላት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የአንዱን ወገን ብቻ ጽፈሽ እንዳትመለሺ፣ በእናቴ እናት ስም ነው የምለምንሽ።

ሁለተኛ ነገር፣ ቤቶቹን እዪ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሣር ክዳን ነበር፤ ክረምት ላይ ጭሱ በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። አሁን ስሄድ ቆርቆሮ ነው፣ በየመንደሩ ያብረቀርቃል። ታዲያ ክዳን የማይፈልግ ሰው ሜዳው እንዲዘጋ ለምን ይስማማል? መልሱን አላውቅም፤ መኖው ይሆን፣ ለጎብኚ የተሠራው የእንግዳ ማረፊያ ገቢ ይሆን፣ ልማዱ ይሆን። ጥናቱን የምሠራው እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነበር።

ለመሄድ ሐምሌና ነሐሴን አትምረጪ፣ በጭቃውና በጉሙ ምንም አትሠሪም። አዝመራ ሲሰበሰብም ሰው ጊዜ የለውም። ከተመቸሽ በበዓል ቀን ሂጂ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አይታረስም። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሲመለስ ቁጭ ብሎ ያወራሻል። ከአርሶ አደር ጋር በሥራ ቀን ቆመሽ የያዝሽው ቃለ መጠይቅ አሥር ደቂቃ ነው፤ ማኅበር ላይ ጠላ ይዘሽ የተቀመጥሽው ግማሽ ቀን ነው። ሴቶቹን ለብቻ፣ ምድጃ አጠገብ አነጋግሪያቸው። ማገዶ የሚለቅሙት እነሱ ናቸው፣ ጥበቃው መጀመሪያ የሚያገኘውም እነሱን ነው።

የመረጃ ሰው

ስለ ሰነዱ ልመልስ።

በቃል መጠየቅ አቁሚ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቺ። እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ መልስ መስጠት አለባቸው። ከከለከሉሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። በእኔ ልምድ ግን እዚያ ድረስ አይደርስም፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሲያዩ «ነገ ነይ» የሚለው ነገር ይቀንሳል። «ስለ ጓሳ ያላችሁን ሁሉ ስጡኝ» አትበዪ። «ከ2010 እስከ 2015 ዓ.ም. የተመዘገበ የቅጣት መዝገብ» በዪ። ጠባብ ጥያቄ መልስ ያገኛል።

የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ለዞን፣ ለወረዳ፣ ለቀበሌ ለየብቻ አጽፊ። አንዱን ሦስት ጊዜ ኮፒ አድርገሽ አትሂጂ።

የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ግን ከቢሮ ይልቅ አንድ ሰው ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነው የሚሆነው። እሱን በትሕትና ለምነሽ እዚያው ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አስፈቅጂ፣ የሰው ስም ያለበትን ገጽ ደግሞ ስሙን ሸፍነሽ ያዢ። የተቀጣ ሰው ስም በመመረቂያ ጽሑፍ መውጣት የለበትም።

የሳተላይት ምስል በነጻ አለ። ላንድሳት የሚባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ በ30 ሜትር ጥራት (የምስሉ አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ናት)፣ ሴንቲኔል የሚባለው ደግሞ ከ2015 ወዲህ በ10 ሜትር ይሰጥሻል። የደረቅ ወራትን ምስል ብቻ ተጠቀሚ፣ ክረምቱ ደመና ነው። ምስሉ እርሻ ወደ ሜዳው ገፍቶ እንደሆነ ያሳይሻል፣ ሣሩ በማን ፈቃድ እንደታጨደ ግን አያሳይም።

ጠያቂ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ማታ አንብቤው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፣ በተለይ የአያትህን ነገር ወንድሜ። የእኔም ቅድመ አያት የትኛው ወገን እንደነበረች እናቴን ጠየቅኳት፤ አታውቅም፣ ትጠይቅልኛለች።

ርዕሴን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ የመንዝ ጓሳ የጋራ አጠባበቅ ምን ላይ ቆመ?» የናሚቢያን አምስት ነገሮች እንደ መመዘኛ እወስዳለሁ። ከመጠይቄ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማኅበረሰቡን ደንብ ያከብራሉ?» የሚል ነው። ይሄ ይሆናል ጋሼ?

ጡረታ የወጣ የደን ባለሙያ

ርዕሱ ቆንጆ ነው። ጥያቄው ግን አይሆንም። «አላከብርም» የሚልሽ ማን አለ? እንዲህ በያቸው፦ «መጨረሻ ላይ ሲያጭድ የተያዘ ሰው ምን ሆነ?» ከዚያ ዝም በዪ። መጀመሪያ ቅጣቱን ይነግሩሻል። ቆይተው ማን እንደያዘው፣ ማን እንደማለደለት፣ ገንዘቡ ከተከፈለም ማን ጋ እንደተቀመጠ ያወራሉ። ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብትን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው ሴት፣ ዘልቀው የቆዩ ሥርዓቶች ቅጣታቸው ቀስ በቀስ የሚከብድ ነው ትላለች፤ ለመጀመሪያ ጥፋት ምክር፣ ለተደጋገመው ጠንከር ያለ። ይህ መንዝ ላይ ይኑር አይኑር በዚች አንዲት ጥያቄ ታገኚዋለሽ።

ሌላው፣ «ስንት ሣር አገኙ?» ስትያቸው በሸክም ነው የሚነግሩሽ። የሴት ሸክምና የወንድ ሸክም፣ የአህያ ጭነትም እኩል አይደለም። የተንጠልጣይ ሚዛን ይዘሽ ሂጂ፣ ከእያንዳንዱ አሥር አሥሩን መዝኚ።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ቨርጂኒያ)

እንዳትቸኩይ ደግሞ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለውን ግጭት ታውቂዋለሽ። ከመነሳትሽ በፊት በዚያው ሳምንት ከዚያ የመጣ ሰው ጠይቂ እንጂ የወር ወሬ ይዘሽ አትውጪ። መንገዱ ካልተመቸ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሚኖሩ የመንዝ ሽማግሌዎች ሞልተዋል፣ ከእነሱ ጀምሪ። አጎቴ ደብረ ብርሃን ነው፣ ሰማንያ ዓመቱን አልፏል፤ እሺ ካለ በውስጥ መስመር አገናኝሻለሁ። ጠዋት ነው የሚያወራው፣ ከሰዓት ይደክመዋል።