በማነቂያ የተያዘ ተፋላሚ ያዢውን አንስቶ እንዲፈጠፍጥ ሊፈቀድለት ይገባልን?

አወያይ፦
የተዋሃደው የኤምኤምኤ (ቡጢ፣ ርግጫና ትግል የተቀላቀሉበት ፍልሚያ) ደንብ ተጋጣሚን በአናቱ ወይም በአንገቱ ምንጣፉ ላይ መትከልን ከጥፋቶች ይቆጥረዋል። ጥፋት የሚሆነው ግን ተጋጣሚው በሌላው ቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ እግሩ ወደ ላይ ጭንቅላቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዳለ በኃይል ወደ መሬት ሲነዳ ነው። ቅስት እየሠራ የሚወርድ ውርወራ የቱንም ያህል ቢከብድ የተፈቀደ ነው። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ በማነቂያ ወይም በጥምዘዛ የተያዘ ሰው ያዢውን ማንሳት ከቻለ እንደፈለገው አድርጎ ሊያወርደው ይችላል። ደንቡ እንደሚለው የተያዘው ሰው የያዢውን ሰውነት አልተቆጣጠረም፤ ያዢው ደግሞ ከመውደቁ በፊት መልቀቅ ወይም አቋሙን ማስተካከል ይችላል። ይህ ልዩ ሁኔታ ይጽና ወይስ ይሰረዝ? ለመነሻ ያህል፣ ሮዝ ናማዩናስ እና ጄሲካ አንድራጂ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2019 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ዩኤፍሲ በተባለው የኤምኤምኤ ድርጅት ለስትሮውዌት የክብደት ምድብ የሻምፒዮና ቀበቶ ያደረጉትን ግጥሚያ እንውሰድ። ሻምፒዮኗ ሮዝ የአንድራጂን ክንድ በኪሙራ፣ ማለትም በሁለት እጅ ይዞ ክንድን በሚጠመዝዝ መያዣ፣ እንደያዘች በአንድራጂ ወደ ላይ ተነሥታ በጭንቅላቷ ወደቀች፤ በሁለተኛው ዙርም በዝረራ ተሸንፋ ቀበቶዋን አጣች።

የጁዶ አሰልጣኝ፦
ይሰረዝ እላለሁ። በጁዶ ምንጣፍ ላይ የተኛን ተጋጣሚ ወደ ላይ አንስቶ መልሶ መፈጥፈጥ የተከለከለ ነው። ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽንም ይህን የሚያደርገውን ተወዳዳሪ ከግጥሚያው ያስወጣዋል። ለክልከላው ምክንያት አለው። እኛ ጀማሪን ከሁሉ አስቀድመን የምናስተምረው አወዳደቅን ነው፤ አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብን፣ ክንድን ዘርግቶ ምንጣፉን መምታትን። ኪሙራ የያዘ ሰው ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ የተማረውን አወዳደቅ ሊጠቀምበት አይችልም፤ የሰውነቱ ክብደትም እንዳለ አንገቱ ላይ ያርፋል። «ይልቀቅ» ማለት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ በአየር ላይ ያለ ሰው ግን ለውሳኔ የሚተርፈው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው።

የቀድሞ ታጋይ፦
አሰልጣኙን ባከብርም በዚህ አልስማማም። ውሳኔው የሚሰጠው በአየር ላይ ሳይሆን ምንጣፉ ላይ፣ ተጋጣሚው እግሩን ሰብስቦ መነሣት ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2001 ላስ ቬጋስ ውስጥ ካርሎስ ኒውተን ማት ሂዩዝን በትሪያንግል፣ ማለትም በእግሮቹ መካከል አንገቱንና አንድ ክንዱን አጥምዶ ሲያንቀው፣ ሂዩዝ ከፍ አድርጎ ተሸከመውና የመፋለሚያው ሜዳ አጥር ላይ አስደገፈው። ኒውተን ለመልቀቅ በቂ ጊዜ ነበረው፤ እርሱ ግን የመረጠው አጥሩን መጨበጥ ነበር። ከዚያ ሂዩዝ ይዞት ወደቀ፤ ኒውተን ራሱን ሳተ፣ ሂዩዝም ራሱ ሊስት ተቃርቦ ነበር። ሂዩዝ እንዳያነሣ ቢከለከል ኖሮ ምን ያድርግ? ቡጢና ክርን በተፈቀደበት ፍልሚያ ላይ የጁዶን ጥንቃቄ ለይቶ አምጥቶ ለያዢው ብቻ መስጠት ሚዛን ያዛባል። ኤዲሲሲ የተባለው ቡጢ የሌለበት የትግል ውድድር እንኳ በተቆለፈ መያዣ ውስጥ ያለ ሰው ለማምለጥ ሲል አንስቶ እንዲጥል ይፈቅዳል።

የሕግ ባለሙያ፦
«የተቆለፈ» የሚለው ቃል ዋናው ጉዳይ ይመስለኛል። ኒውተን ሂዩዝን እያነቀው ነበር። የሮዝ ኪሙራ ግን፣ እኔ ግጥሚያውን እንደተመለከትሁት፣ ክንድን እስከ መጨረሻው ከመጠምዘዝ ይልቅ መጣልን ለመከላከል ያገለገለ መያዣ ነበር። አንድራጂ ለጥምዘዛው እጅ ለመስጠት የተቃረበች አልነበረችም፤ ያነሣችውም እርሷ ናት፣ የአወራረዱን አቅጣጫ የወሰነችውም እርሷው ናት። ታዲያ «አልተቆጣጠረም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ እንዴት ይሠራል? ደንቡ በመያዝና በመቆለፍ መካከል ስለማይለይ፣ ለታነቀ ሰው የተሰጠው ፈቃድ ክንዱን ብቻ ለተያዘ ሰውም ደርሷል። እኔ ልዩ ሁኔታው ሳይሰረዝ ለተቆለፈ መያዣ ብቻ ቢወሰን እመርጣለሁ።

የልዩነቱን ክብደት ለማየት ውጤቱን ማስላት ይበቃል። አወራረዱ ጥፋት ነው ቢባልና ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሆኖ ቢገኝ አንድራጂ ከውድድር ተሰርዛ ሮዝ ባሸነፈች ነበር። ሳይታሰብ የተፈጸመ ቢባል ደግሞ፣ ከአምስቱ ዙሮች ሦስቱ ስላልተጠናቀቁ ግጥሚያው ውጤት አልባ ሆኖ ቀበቶው እዚያው ሮዝ ዘንድ ይቀር ነበር።

የቀድሞ ታጋይ፦
መያዣው መቆለፍ አለመቆለፉን በዚያች ቅጽበት ማን ይለየዋል? ዳኛው ይህን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ሊፈርድ ነው?

የሕግ ባለሙያ፦
በቅጽበቷ መፍረድ የለበትም። ግጥሚያውን የጨረሰውን ክስተት በድጋሚ ምስል መመርመር እንደ ኔቫዳ ባሉ ግዛቶች የተፈቀደ ነው። ደንቡም የማይነካ አይደለም። ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ክርን ለዓመታት ተከልክሎ ከቆየ በኋላ፣ የቦክስ ኮሚሽኖች ማኅበር በጁላይ 2024 ድምፅ ሰጥቶ ክልከላውን ከኖቬምበር 1 ጀምሮ አንሥቶታል። ጆን ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከማት ሃሚል ጋር ሲጋጠም የተሰረዘው በዚሁ ክርን ምክንያት ነበር።

የጁዶ አሰልጣኝ፦
ማሻሻያው ሮዝን ያድን ይሆናል፤ ኒውተንን ግን ለዚያው አደጋ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2004 ጃፓን፣ ሳይታማ ውስጥ ሪካርዶ አሮና ኩዊንተን ጃክሰንን በትሪያንግል ይዞ ሳለ ተነሥቶ የተፈጠፈጠበትና ራሱን የሳተበትም መያዣ በእርስዎ አገላለጽ የተቆለፈ ነው። ማለትም ሰውየው ከተጋጣሚው ጋር ይበልጥ በተጣበቀ ቁጥር ጥበቃው ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ኬቨን ራንደልማን ፊዮዶር ኢሜሊያኔንኮን ወደ ኋላ ወርውሮ በአንገቱና በትከሻው የጣለው በዚያው ምሽት ነበር፤ ፊዮዶር ግን ብዙም ሳይቆይ በክንድ ጥምዘዛ አሸነፈ። አደጋው የደንቡን መስመር ተከትሎ እንደማይሄድ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

የቀድሞ ታጋይ፦
ታዲያ እንደ ጁዶው ሲነሣ «ማቴ» (አቁሙ) ተብሎ ይቁምን? እንዲህ ከሆነ ጉልበት ያለው ሁሉ ለማምለጥ ሳይሆን ዳኛው እንዲያስቆምለት ብቻ ያነሣል፤ ያዢው የደከመበት ማነቂያም በከንቱ ይቀራል። ጁጂትሱ የምትወዱ ሰዎች ከሁሉ በፊት መቃወም የነበረባችሁ ይህን ነው። በትሪያንግል የያዘ ሰው መነሣትን የሚከላከልበት መንገድ ደግሞ አለው፤ በነጻ እጁ የተጋጣሚውን እግር ከውስጥ ካቀፈ ያ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አይሆንለትም።

የጁዶ አሰልጣኝ፦
እግር ማቀፉን እኔም አስተምረዋለሁ፤ ለትሪያንግል ይሠራል፣ ምክንያቱም የሚያንቁት እግሮች ስለሆኑ እጅ ይተርፋል። ማነቂያው ባክኖ መቅረቱንም አልክድም፤ በጁዶ ስንኖርበት የቆየነው ነገር ነው። ኪሙራ ግን ሁለቱንም እጆች ይፈልጋል። ስለዚህ ትሪያንግሉ እንዳለ ቢቆይ እንኳ፣ ለእግር ማቀፊያ የሚሆን እጅ በማይተርፍባቸው መያዣዎች ላይ ፈቃዱ እንዲነሣ ነው የምጠይቀው፤ የሕግ ባለሙያውም ከመቆለፍ ይልቅ ይህን መለያ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።