የጎቶቹ የድንጋይ ክቦች፦ ጎብኚ ውስጣቸው ይግባ ወይስ ይከልከል?

የክርክሩ መነሻ፦ ሰሜን ፖላንድ ውስጥ ኦድሪና ቬንሾሪ በሚባሉ ቦታዎች ያሉትን፣ የጎቶች (የጥንት አውሮፓ ሕዝብ) ናቸው የሚባሉ የመካነ መቃብር የድንጋይ ክቦች «ኃይል ይሰጣሉ» የሚሉ ጎብኚዎች ድንጋዮቹን ያቅፋሉ፣ ይቀመጡባቸዋልም። ክቦቹ ታጥረው መግባት ጨርሶ ይከልከል?

ሰርዶ፦ ይከልከል። ኦድሪ ላይ ስፋታቸው ከ15 እስከ 33 ሜትር የሆኑ 10 ክቦችና ወደ 30 የሚጠጉ የመቃብር ጉብታዎች አሉ። ድንጋዩ ላይ ያለው ሊከን (ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚሠሩት ቅርፊት መሰል ሕይወት) ራሱ ጥበቃ ይገባዋል፤ ግራናይት ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አያድግም። በልብስ የተፋቀ መዳፍ የሚያህል ሊከን በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም።

ጓል፦ መግባትና መንካት ይለያያሉ፣ ወንድሜ። የከፋው ሻማና እሳት ነው። ግራናይት በአንድ ጎኑ ሲግል ማዕድናቱ እኩል ስለማይለጠጡ ገጹ ይረግፋል። ሰሙን በብረት የሚፍቅ ደግሞ ይብሳል።

ሰርዶ፦ እግርስ? ዙሪያው ሲረገጥ አፈሩ ይሸሻል፣ ድንጋዩን የያዙት መደገፊያ ጠጠሮች ይገለጣሉ፣ ድንጋዩ ያዘማል። ከዚያ አንድ ደግ ሰው መጥቶ «ያቃናዋል»! የመጀመሪያውን ጉድጓድ በአፈሩ ቀለም ሳይለዩ፣ ፎቶና ልኬት ሳይወስዱ ማቃናት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ጠጠር፦ ጉብታ ላይ የወጣ የእግር መንገድም በዝናብ ቦይ ይሆናል። ሲሞላ ከሥሩ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ያለዚያ ነገ የሚቆፍር ሰው አዲሱን አፈር ከጥንቱ አይለይም። ጉብታ ላይ የበቀለ ዛፍ ከመሬት ልክ ተቆርጦ ሥሩ እዚያው ይበስብስ። ከተነቀለ የመቃብሩን ድንጋይ ይዞ ይወጣል።

ዘብ፦ የጎቶች ነው ያለው ማነው? የጎቶችን ታሪክ የጻፈው ዮርዳኔስ በሦስት መርከብ ከስካንዲናቪያ መጡ ብሎ የጻፈው በ551 እ.ኤ.አ. ነው፤ መቃብሮቹ ግን ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ።

ጠጠር፦ በዮርዳኔስ ብቻ ማንም አይፈርድም። መቃብሮቹ አርኪዮሎጂስቶች የቪየልባርክ ባህል የሚሉት፣ ከጎቶች ጋር የሚያያዙት የአኗኗርና የአቀባበር ልማድ ናቸው፦ የተቃጠለና ያልተቃጠለ አስከሬን በአንድ መካነ መቃብር፣ ከሬሳው ጋር የጦር መሣሪያ የለም፤ የጥንት ዲኤንኤም ወደ ስካንዲናቪያ ያመለክታል። የአገሬው ሰው አልተቀላቀለበትም ማለት ግን አይደለም። ደግሞ አብዛኞቹ የዚህ ባህል መቃብሮች ክብም ጉብታም የላቸውም።

ጓል፦ ወደ አጥሩ እንመለስ። ኦድሪ ላይ በጉብታዎቹ መካከል ምልክት የሌላቸው ብዙ መቃብሮች አሉ። ለአጥር ምሰሶ በቆፈርክ ቁጥር አንዱን ልትወጋ ትችላለህ።

ሰርዶ፦ እሺ፣ ምሰሶው ይቅር። መሬት ላይ በሚቀመጥ ከባድ መቆሚያ ገመድ ይዘርጋ፤ ክቡ ውስጥ ግን ማንም አይግባ።

ጓል፦ ገመዱን እቀበላለሁ። ውስጥ ግን በአስጎብኚ፣ በትንሽ ቡድን፣ መሬቱ ሲደርቅ ይገባ እላለሁ።