የፒኤችዲ ቦታ ፍለጋ፦ ለአፈርና ለግዕዝ መንገዱ አንድ ነው?

ጠያቂ ከማርቆስ
ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርሴ በአፈር ሳይንስ ነው፤ ቴሲሴ የአዊን አሲዳማ አፈር በኖራ ማከም ላይ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ በግዕዝ ብራና ላይ ነው የሠራችው። ወጪው የተሸፈነ የፒኤችዲ ቦታ የት ነው የሚፈለገው? «ስኮላርሺፕ» ብዬ ስፈልግ የቴሌግራም ወሬ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

አባይ ማዶ
ቃሉ ነው ያሳሳተህ። በኔዘርላንድስ፣ በስዊድንና በኖርዌይ ፒኤችዲ በአብዛኛው ሥራ ነው፤ እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ደመወዝ አለው፣ የትምህርት ክፍያ የለውም። የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጾችን ተመልከት፦ ለኔዘርላንድስ አካዳሚክ ትራንስፈርን፣ ለኖርዌይ ጆብኖርጌን፣ ለመላው አውሮፓ ዩራክሰስን። ስትፈልግ የትምህርቱን ስም ሳይሆን የጉዳዩን ስም አስገባ፦ አሲዳማነት፣ ፎስፈረስ፣ የመሬት አጠቃቀም። የአፈር ቦታ በጂኦግራፊ ወይም በምህንድስና ክፍል ስም ወጥቶ ሊያልፍህ ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የፒኤችዲ ተማሪ የሚቀጥረው የማሪ ኩሪ ዶክትሬት ኔትወርክም ዜግነት አይለይም። ዋናው መስፈርት ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖር ነው፤ ከጎጃም ላልወጣ ሰው የተጻፈ ነው የሚመስለው።

እንግሊዝ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ማስታወቂያው የሚሸፍነው የአገሬውን ተማሪ ክፍያ ብቻ ከሆነ፣ በየዓመቱ በሺዎች ፓውንድ የሚቆጠረው ልዩነት አንተው ላይ ነው የሚወድቀው።

ብራና
ለእህታችን መንገዱ ሌላ ነው። በእሷ መስክ ማስታወቂያ ጥቂት ስለሆነ ሱፐርቫይዘር ማግኘት ይቀድማል። ጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባለው የኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት ማዕከል፣ በሂዮብ ሉዶልፍ፣ ማን ምን እንደሚያጠና አንብባ፣ ሁለት ገጽ ሐሳብ አያይዛ ትጻፍ። ፕሮፌሰሩ ከተቀበላት የሚሰጣት ደብዳቤ ለዳድ (የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት) የዶክትሬት ድጋፍ ማመልከቻም ይጠቅማታል። ዳድ በመደበኛው የመጨረሻው ዲግሪ ከስድስት ዓመት በላይ እንዲያልፈው አይፈልግም።

«የጎጃም ቅኔ ቤቶች» የሚል ርዕስ ማንም አይገዛትም፤ ሰፊ ነው። «በአንድ ገዳም 30 ብራናዎች ኅዳግ ላይ የተጻፉ የመሬት ስጦታዎች» ብትል ግን ሥራ ይሆናል። ብራናውን ፎቶ ለማንሳት ማን እንደሚፈቅድላትም ትጻፍ፤ አንባቢው መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው።

ሬጅስትራር በር
የስድስት ዓመቷ ነገር እኛን የምትጥለን በካሌንደር ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ «ሰኔ 2014» ብቻ ካለ ፈረንጁ የራሱን 2014 ነው የሚያነበው፤ ዲግሪው በአንዴ በስምንት ዓመት ያረጃል። 2022 መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጡ። እግረ መንገዳችሁን የመማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጸውንም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በፈተና ፋንታ ይቀበለዋል።

የማመልከቻ ማብቂያ ሰዓቱንም አስተውሉ፦ በክረምታቸው 23:59 የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት ማለት ለእኛ ከሌሊቱ 7:59 ነው፤ በበጋቸው 6:59። መብራት ባይጠፋ እንኳ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ የመካሪዎቻችሁ ጉዳይ አለ፦ ሲስተሙ ደብዳቤውን የሚያስገቡበትን ሊንክ የሚልክላቸው ስማቸውን ከሞላችሁ በኋላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ስፓም ውስጥ ይገባል። ደውሉና እዚያው ከፍተው እንዲያዩ አድርጉ።

ጠያቂ ከማርቆስ
ተባረኩ። ማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ኖራውን እንዴት ላግባው?

አባይ ማዶ
ማስታወቂያው መስፈርቶቹን በደረደረበት ቅደም ተከተል መልስ። «ታታሪ ነኝ» ምንም አይልም። ስንት ማሳ ላይ፣ በሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከስንት ወደ ስንት፣ በምን ሶፍትዌር ተነተንከው፤ እነዚህን አራቱን ከመጀመሪያው አንቀጽ አስገባ።