ድሬ ላይ የውሃ ማጣሪያ ልትገዙ ነው? ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት አንዴ ስሙኝ

አንዲት እህት ሰሞኑን "ሳቢያን ነው የምንኖረው፣ የ4 ወር ልጅ አለችኝ፣ የትኛውን የውሃ ማጣሪያ ልግዛ?" ብላ ጠየቀችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ለሁላችሁም ይሁን። ባለሙያ አይደለሁም። ድሬ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቤቴ ውስጥ ከጀሪካን እስከ ማሽን ሁሉንም የሞከርኩ ሰው ነኝ፤ ከስሬያለሁም።

መጀመሪያ ነጩን ነገር እንገላገለው። ድሬ ላይ ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ውስጡ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ውሃችን ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ ዙሪያችን ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው በአጋጣሚ አይደለም። ይሄ ነገር ማንቆርቆሪያ ያበላሻል፣ ሳሙና አረፋ እንዳያወጣ ያደርጋል፣ ጸጉር ያደርቃል። ጤና ይጎዳል ለሚለው ግን የዓለም ጤና ድርጅትም አሳማኝ ማስረጃ የለም ነው የሚለው። "የኩላሊት ጠጠር ያመጣል" የምትሉ፣ በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ እያላባችሁ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ መጠጣታችሁን መጀመሪያ ተጠያየቁ። ለማንቆርቆሪያው ኮምጣጤ ጨምሩበትና አሳድሩት፣ ይለቃል። አለቀ።

አሁን የከሰርኩበትን ልንገራችሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ ልጅ የውሃ ማጣሪያ ማሽን ሊሸጥ ቤታችን መጣ። ከቧንቧችን በብርጭቆ ቀዳ፣ ከራሱ ማሽን የወጣውን በሌላ ብርጭቆ አደረገ፣ ከዚያ ብረቶች ያሉት ሶኬት የሚሰካ ነገር ሁለቱም ውስጥ ከተተ። ወላሂ የኛ ውሃ በአንድ ደቂቃ ቡናማ ሆነ፣ ዝገት የመሰለ ዝቃጭ ተንሳፈፈበት። የሱ ጥርት እንዳለ ቀረ። ባለቤቴ "ይሄን ነው ልጆቼን ሳጠጣ የኖርኩት?" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። እዚያው ቀብድ ከፈልን።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ብረቱ ራሱ ነው የሚሟሟው። ማዕድን ያለው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ብረቱ እየተበላ ውሃውን ያቀልመዋል። የማሽኑ ውሃ ማዕድኑ ስለወጣለት አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ምንም አይሆንም። ቆሻሻ አላሳየንም፣ ጨው ነው ያሳየን። ቤታችሁ ከመጣ ቁንጣሪ ጨው በሱ ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ጣል አድርጉና "አሁን ድገመው" በሉት። ፊቱን ማየት ነው። ሻጮቹ ውሃ ውስጥ የሚነክሯት ያቺ ቁጥር የምታሳይ ትንሽዬ መለኪያም እንደዚሁ ናት፤ የሟሟ ማዕድን ትቆጥራለች እንጂ ጀርም አታይም።

ማሽኑ ግን እርባና የለውም እያልኩ አይደለም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው እውነተኛው ዓይነት፣ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈው፣ ናይትሬት የሚባለውን ውሃ ውስጥ የሟሟ የማይታይ ኬሚካል ይቀንሳል፣ ድሬ ላይ ደግሞ ይሄ ቁም ነገር ነው። በከተማችን የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ናይትሬትን ደጋግመው ያነሳሉ፤ አንዱ ምክንያት ከየግቢው የመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ታች የሚሰርገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ዋናው አደጋ በውሃ የተበጠበጠ ወተት ለሚጠጡ ሕፃናት ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈራቸው ይጠቁራል። አስተውሉ፣ ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። ክሎሪንም፣ የሸክላ ማጣሪያም አይነኩትም። የግቢ ጉድጓድ የምትጠቀሙ ካላችሁ ከማሽን በፊት ላቦራቶሪ አስመርምሩ፣ "ናይትሬትና ኢ ኮላይ" (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ብላችሁ ጠይቁ።

የማሽኑ ጣጣም አለ። አንድ ሊትር ለማጣራት ሁለት ሦስት ሊትር ይደፋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ያናድዳል። ግፊት ስለሚፈልግ ፓምፕ ይጨመራል። ድንጋያማው ውሃችን ደግሞ ፊልተሩን ቶሎ ይደፍነዋል። ስትገዙ የማሽኑን ዋጋ ትታችሁ "የፊልተሩ ዋጋ ስንት ነው፣ እዚህ ድሬ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው?" በሉ። እኔ ሳልጠይቅ ገዝቼ አራት ወር ለዕቃ መደርደሪያ ተጠቀምኩበት።

ለአብዛኛው ሰው የምጠቁመው ውሃ አጋር ነው። አዎ፣ ያቺ ርካሽ የፈሳሽ ክሎሪን ጠርሙስ። ምክንያቱም የብዙዎቻችን ችግር ቧንቧው ላይ ሳይሆን ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ ነው። ውሃው ሦስት ቀን በጀሪካን ይቀመጣል፣ አንዱ ልጅ ጆጉን ከነእጁ ያጠልቃል፣ በርጫ ላይ አንድ ኩባያ ለስምንት ሰው ይዞራል (አቦ፣ ራሴንም እየተናገርኩ ነው)። የፈላ ውሃ አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ እጅ ከገባበት የሚከላከልለት ነገር የለም። ክሎሪን ግን ውሃው ውስጥ ይቆያል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ጨምሩ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጠጡ። ሽታው ከከበዳችሁ በንጹሕ ዕቃ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፣ ይቀንሳል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ፈሳሽ ክሎሪን ሙቀት አይወድም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚመታውን አትግዙ፣ ቀኑን እዩ፣ ቤትም ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ፋርማሲ አኳታብስ የሚባለውን የክሎሪን ፍሬ ካገኛችሁ እሱ ለሙቀት ይሻላል፤ 67 ሚሊግራሙ ፍሬ ለ20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ነው። በረኪና ግን ተዉ፣ መዓዛ የተጨመረበት አለ፣ ጥንካሬውም ያልተጻፈበት ሞልቷል።

ለደፈረሰ ውሃ ሌላ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለችው አክስቴ ውሃ ሲጠፋ ከጋሪ ትገዛለች። የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት ከደረቀ ወዲህ የሐረር ውሃ ከድሬ በኩል ካሉ ጉድጓዶችም ዳገቱን ተገፍቶ ነው የሚወጣው፣ ፓምፕ ሲበላሽ ወይ መብራት ሲጠፋ ከተማው ይጠማል። የጋሪው ውሃ አንዳንዴ ሻይ ይመስላል። ለሷ የወሰድኩላት ቢሻን ጋሪ የሚባል የውሃ ማጣሪያ ዱቄት ነው፣ በኦሮምኛ ጥሩ ውሃ ማለት ነው። ዱቄቱን በጥብጣ ስታማስለው ጭቃው ተቋጥሮ ይወርዳል፣ በንጹሕ ነጠላ ታጠልለዋለች፣ ክሎሪኑም አብሮ አለበት። "ይሄ አስማት ነው እንዴ ልጄ?" አለችኝ። ለየቀኑ ግን አድካሚ ነው።

ውስጡ ሻማ የሚመስል ማጥለያ ያለው የሸክላ ማጣሪያ እናቴ ቤት አለ፣ ጥሩ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ ባክቴሪያ ይይዛል። ቫይረስ ግን ያልፈዋል። ሻማው በሳሙና አይታጠብም፣ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ከወደቀ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብትኖረው አበቃለት፣ ጣሉት።

ትልቁን የ20 ሊትር የታሸገ ውሃ የምትገዙ እሽጉን እዩ፣ ውሃው የሚቀዳበትን ቧንቧም እጠቡ። የኔ ጎረቤት ለስድስት ወር አላጠበውም ነበር፣ ሲከፍተው አረንጓዴ።

ወደ እህቴ ልመለስ። የ4 ወር ልጅሽ ጡት ብቻ የምትጠባ ከሆነ ማጣሪያም ውሃም አያስፈልጋትም፣ በዚህ በድሬ ሙቀትም ቢሆን፣ እስከ 6 ወር ጡት ይበቃታል። አማትሽ "ልጅቷ ተጠማች" ይሉሻል፣ በደንብ አስረጃቸው። የቆርቆሮ ወተት (የሕፃናት ፎርሙላ) ከሆነ ግን ከግቢ ጉድጓድ ውሃ አትበጥብጪላት፤ ናይትሬቱ ተለክቶ ከወሰኑ በታች መሆኑ የታወቀ ውሃ ተጠቀሚ፣ አፍልተሽ፣ ትኩስ እያለ በጥብጪው፣ ከዚያ አቀዝቅዢ። ለቀሪው ቤተሰብ ክዳንና ቧንቧ ያለው ጀሪካን ግዢ፣ ውሃ አጋር ጨምሪበት፣ ፈረቃው ሲመጣ የመጀመሪያውን ውሃ ለእጥበት ቅጂው፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀበት በኩል ቆሻሻ ስቦ ያስገባል።

ሮቶ ውስጥ ገብቶ በደንብ የሚያጥብ ሰው ከዚራ አካባቢ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ እናንተ ጠቁሙኝ። የኔን ከታጠበ ዓመት አልፎታል፣ ይሄን ሁሉ ጽፌ ማፈሬ አልቀረም።